በሦስት ከተማ ያስታረቀኝ ላፕቶፕ

በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሚስቱ ጋር ሦስት ጊዜ፣ ያውም በሦስት የተለያየ ከተማ፣ በሽማግሌ የታረቀ ወንድ ካለ እባካችሁ አስተዋውቁኝ፤ ብቻዬን መሆኔ ከብዶኛል። መቱ ውስጥ አሁን መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «ታረቃችሁ?» ይለኛል። ታርቀናል። ከሚገባው በላይ ታርቀናል። እንደኛ የታረቀ ባልና ሚስት በኢሉባቦር ምድር አይገኝም። እኔ ግን ከእንግዲህ ሽማግሌ የተቀመጠበት አግዳሚ ወንበር ባየሁ ቁጥር ማጅራቴን ያመኛል። ለምን ማጅራቴን እንደሆነ ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

የነገሩ ሁሉ መነሻ አንድ አዲስ ላፕቶፕ ነው። ባለቤቴ ለሊሴ አፋን ኦሮሞ ታስተምራለች፤ እኔ እዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። በቤታችን ሁለቱ ቋንቋዎች በሰላም ነው የሚኖሩት። ስንጫወት የትኛውን እየተናገርን እንደሆነ ራሳችንም አናውቀውም። ስንጣላ ብቻ እሷ ወደ ኦሮምኛዋ፣ እኔ ወደ አማርኛዬ እንሸሻለን፤ ንዴት በሰው ቋንቋ አይመችም። ላፕቶፑ እስኪመጣ ድረስ እንዲህ ሆነን ኖርን።

ላፕቶፑ የተገዛው ለሊሴ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷን እንድትጽፍበት ነው። ጥናቷ ስለ ሽማግሌዎች ምርቃት ነው። የሁሩሙ፣ የቡሬና የመቱ አባቶች እንዴት እንደሚመርቁ፣ ማን የትኛውን ቃል እንደሚያስቀድም፣ የት ላይ እንደሚለያዩ ታጠናለች። ቀላል ይመስላል። አይደለም። በኛ አገር ምርቃት ዝም ብሎ አይሰጥም፤ ምክንያት ይፈልጋል። ሰርግ መኖር አለበት፣ አዲስ ቤት መገባት አለበት፣ የተጣላ መታረቅ አለበት። «አባቶች፣ ለጥናት ስለምፈልገው እስቲ ትንሽ መርቁልኝ» ብትሏቸው «ምን ተገኘና?» ብለው ጋቢያቸውን ይሰበስባሉ። ስለዚህ ለሊሴ ከዓመት በላይ የሰው ሰርግ ስታሳድድ፣ የሰው ቤት እስኪያልቅ ስትጠብቅ፣ በዚያ ከቤተሰብ ቆጥረን በተውነው ዝናብ ጃንጥላ ይዛ ከደጅ ደጅ ስትዞር ነው የአባቶችን ድምፅ በስልኳ የቀዳችው። ስልኳ ሲሞላ ሁሉንም ወደ አዲሱ ላፕቶፕ አዛወረች።

«ከስልክሽ ላይ አጥፊው፣ ቦታ ይለቅልሻል። አዲስ ዕቃ ምን ይሆናል?» ያልኳት እኔ ነኝ። ይህችን ንግግሬን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ። እኔ ፈተና ሳዘጋጅ የአማርኛ መጻፊያውን እከፍትና ስጨርስ እንደተከፈተ ትቼው እነሳለሁ። ለሊሴ ትመጣና ኪቦርዱን ብቻ እያየች በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ አንድ አንቀጽ ትጽፋለች። ቀና ስትል ስክሪኑ ላይ ከአዳም ጀምሮ ማንም ያልተናገረው የግዕዝ ፊደል ተንጋግቶ ይጠብቃታል። ያኔ ከሳሎን ሆና በኦሮምኛ ትጠራኛለች። እኔ ከጓሮ ሆኜ በአማርኛ አቤት እላለሁ። በቀን ሁለቴም ሦስቴም እንዲህ ሆነ። እኔም በበኩሌ ስቀመጥ የሷን አገኛለሁ፤ «የሚከተለውን ምንባብ አንብባችሁ» ብዬ የጻፍኩት በላቲን ፊደል ተበትኖ ሳየው ደሜ ይፈላል።

አንድ ቀን ስልኬ ላይ አንድ ትንፋሽ የማይወስድ ጎረምሳ በቪዲዮ ሲያስተምር አየሁ። በአንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ሲስተም መጫን ይቻላል አለ። ስታበራው ይጠይቅሃል፤ በዚህኛው ልግባ ወይስ በዚያኛው? አንድ ቤት፣ ሁለት በር። ለሊሴ በነባሩ በዊንዶውሷ ትግባ፣ እኔ ሊኑክስ በሚባለው በኔ በር ልግባ፤ ማንም የማንንም ፊደል አይነካ። ትዳሬን የሚያድን ሐሳብ መስሎ ታየኝ። አሁን ሳስበው ትዳሬ ምንም አልሆነም ነበር።

በትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር የሚያስተምረውን አስፋውን «ሁለት ሲስተም ይቻላል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። ይቻላል አለኝ። የሚጫነውንም በፍላሽ ሰጠኝ።

«ከመጫንህ በፊት የሚለውን አንብብ። አንዴ ከጀመረ ደግሞ መሃል ላይ እንዳታጠፋው፤ ላፕቶፑ ራሱ ላይነሳ ይችላል» አለኝ።

አንብብ! ይህ ለእኔ ይነገራል? ዕድሜዬን ሙሉ የበላሁት እንጀራ «አንብቡ» እያልኩ ነው።

ቅዳሜ ለሊሴ እናቷን ልታይ ወደ ሁሩሙ ሄደች። የጥናቷ ዲፌንስ፣ ማለትም ፈታኞች ፊት ቆማ የምትከራከርበት ቀን፣ በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ላይ ነው። ጽሑፉን ለአማካሪዋ ልካ ጨርሳለች፤ የቀረው የተቀዳውን ድምፅ አሰናድቶ ማቅረብ ብቻ ነው። ፈታኞቹ ድምፁን ራሱን መስማት አለባቸው፤ ያለ ድምፅ ጥናት የለም። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ስትመለስ ላስደንቃት ብዬ፣ ፍላሹን ሰካሁ።

በእውነት አነበብኩ። ስክሪኑ አንድ ቦታ ላይ ምርጫ አቀረበልኝ። አንደኛው ከነባሩ ጎን ጫን ይላል። ሁለተኛው ዲስኩ ላይ ያለውን በሙሉ አጥፍተህ ጫን ይላል። የምፈልገው አንደኛውን ነው። ግን አስተማሪ ነኝና የሁለተኛውንም ማብራሪያ ላንብበው ብዬ ምርጫውን እሱ ላይ አሳረፍኩ። ምን ቸገረኝ? ገና ኢንተር አልነካሁ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ማብራሪያውን እያነበብኩ ሳለ በሩ ላይ «ነጋያን ቡልተኒ!» የሚል የኦሮምኛ ሰላምታ መጣ።

ኦቦ ገለታ ናቸው፤ የለሊሴ አጎት። የሚኖሩት በሶር በኩል ነው። ከዚያ እስከ ሁሩሙ ድረስ ኦቦ ገለታ ያልመረቁት ሰርግ ሰርግ አይባልም። ገበያ ወርደው በዚያው መጡ። ከኋላቸው እትዬ ዘይነባ ተከትለዋል። እትዬ ዘይነባ ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ አላቸው፤ ከመደርደሪያቸው ይልቅ የኛን በር ነው የሚጠብቁት።

«ያን ዕቃ ገዛችሁ አሉ» አሉ ኦቦ ገለታ፣ ባርኔጣቸውን እያወለቁ። «እኔ ሳልመርቀው ትነኩታላችሁ? ያልተመረቀ ዕቃ እኮ የሰው ዕቃ ነው፣ ሶዳ።»

ሶዳ ማለት አማች ነው። ሶዳ ሲሉኝ እንደ ቅቤ ነው የምቀልጠው።

«አባባ፣ አንዲት ነገር ጀምሬ ነበር፤ ትንሽ ቁጭ ይበሉና…»

«ምርቃት ወረፋ ይጠብቃል እንዴ?»

ላፕቶፑ ጉልበቴ ላይ እንደተከፈተ ነው። ልዘጋው እጄን ስሰድ ቆመው ነበር፤ ምርቃቱንም ጀምረዋል። አሁን ይህን ሥርዓት ለማያውቅ ልንገር። ሽማግሌ ሲመርቅ ሁለት እጅህን ወደ ላይ ትዘረጋለህ፤ በየመስመሩ «ሃ ታኡ» ትላለህ፤ ይሁን ማለት ነው። እጅህን መሃል ላይ መሰብሰብ ምርቃቱን አልፈልግም እንደ ማለት ነው። ስለዚህ እጆቼን ዘረጋሁ። እትዬ ዘይነባም ዘረጉ።

ኦቦ ገለታ አዲስ ዕቃ ሲመርቁ ከርቀት አይመርቁም። እንትፍ፣ እንትፍ ብለው ቀኝ እጃቸውን ዕቃው ላይ ያሳርፋሉ፤ መስመሩ ባለቀ ቁጥር በመዳፋቸው መታ ያደርጉታል። ማረሻም ቢሆን፣ በርም ቢሆን፣ ቀፎም ቢሆን። ኢንተር የሚባለው ቁልፍ ደግሞ ትልቅ ነው፤ የተቀመጠውም ቀኝ እጅ በሚያርፍበት በኩል ነው። ይህን የሠራው ሰው ኦቦ ገለታን አያውቃቸውም።

«ያረጀው ይራቅ!» አሉ፤ መታ።

«ሃ ታኡ!» አልን። ላፕቶፑ «ዲስኩ ላይ ያለው በሙሉ ይጠፋል፤ እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀ።

«አዲሱ ይግባ!» መታ።

«ሃ ታኡ!» አልኩ። በአንደበቴ እሺ አልኩ። እትዬ ዘይነባ ከጎኔ «አሚን!» አሉ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ታየችና ከግራ ወደ ቀኝ መሙላት ጀመረች።

«የጎደለው ይሙላ!»

«ሃ… ሃ ታኡ» አልኩ፤ ድምፄ ተሰበረ። ኦቦ ገለታ ዓይኔ እንባ ማቅረሩን አይተው ልባቸው ተነካ። ከምርቃቱ ደስታ መስሏቸው ጨመሩልኝ። ልጅ ጨመሩ፣ ከብት ጨመሩ፣ ማር ጨመሩ። መስመሯም ጨመረች። አጥፍቼ እንዳልጥላት የአስፋው ቃል ጆሮዬ ላይ ይጮሃል፤ እንዳልተዋት የለሊሴ ዓመት እያየሁት ያልቃል።

«ምን እየሠራ ነው?» አሉኝ ሲጨርሱ፣ ጎንበስ ብለው።

«አዲሱ እየገባ ነው።»

«ይግባ! ይግባ!» አሉና ለመጨረሻ ጊዜ መታ አደረጉት።

ብርዝ ጠጥተው፣ ስለ ንብ አውርተው፣ ደስ ብሏቸው ሄዱ። እትዬ ዘይነባ ወደ ኋላ ቀርተው ፊቴን አዩ። ከሱቅ ነጋዴ ነገር አይሰወርም። ያለቀውን ነገር በአጭሩ ነገርኳቸው፤ ቀጥሎም እግራቸው ላይ መውደቅ ነው የቀረኝ። «እትዬ፣ በሞቴ፣ ምንም አላዩም። ኦቦ ገለታ ቢሰሙ ከእንግዲህ ዕቃ ላይ እጃቸውን አያሳርፉም። የምርቃት ጥናት በምርቃት ጠፋ ቢባል እኚህ ሽማግሌ ምን ይሆናሉ?»

«እኔ ምን አየሁ?» አሉ። «አሚን ነው ያልኩት።»

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሥራ ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር። ለሊሴ ስትመጣ ቢያንስ ያማረ ነገር ይጠብቃት ብዬ አዲሱን ሲስተም ማሳመር ጀመርኩ። የአማርኛ ፊደል ከኢንተርኔት አወረድኩበት። የሶር ፏፏቴን ፎቶ በጀርባው ሰቀልኩ። የሚጠቅም የመሰለኝን ሁሉ ጫንኩ። ሲነጋ ይዤው መናኸሪያው አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር ወደሚጠግነው ወደ ሙደሲር ሄድኩ።

«ከጠፋ በኋላ ነክተኸዋል?» አለኝ ገና ሳልቀመጥ።

«ትንሽ አሳምሬዋለሁ።»

ሙደሲር አናቱን ያዘ። በጠፋው ላይ የተጻፈ ነገር እንደማይመለስ፣ ሳልነካው ባመጣው ኖሮ ብዙ ነገር ማውጣት ይችል እንደነበር አስረዳኝ። የቻለውን ግን ሞከረ። ከሰዓት በኋላ ጠርቶኝ ያወጣውን አሳየኝ። ፋብሪካው ጭኖት የነበረው የማስታወቂያ ቪዲዮ ተመልሷል፤ በባሕር ዳርቻ የሚሮጡ የማላውቃቸው ልጆች አሉበት። ባለፈው ሴሚስተር ያወጣሁት፣ ተማሪዎች የሳቁበት ፈተናዬ ከነስሕተቱ ተመልሷል። ለሁለተኛ ጊዜ እንዳላየው ብዬ ራሴ የሰረዝኩት የሠርጌ ቀን ጭፈራም ተመልሷል። ከአባቶች ድምፅ ግን የተገኘው የተቆራረጠ ብቻ ነበር፤ ስትከፍተው አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርግና ዝም ይላል። ሌላ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርግና ዝም ይላል። ያን ሁሉ ጉሮሮ ስሰማ ውዬ ቤቴ ገባሁ።

ማታ ለሊሴ ከሁሩሙ መጣች። እኔ ነኝ አልኳት። ሁለት በር ልሠራልሽ ብዬ፣ ቁልፉን ያለ ቦታው ነክቼ፣ ሁሉንም አጠፋሁት አልኳት። ስለ እጅ አላነሳሁም።

«ድምፃቸውስ?» አለች፣ በአማርኛ። በንዴት ጊዜ አማርኛ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም፤ ያኔ ነው የፈራሁት።

«የለም።»

የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም። ያን ሁሉ ዝናብ፣ ያን ሁሉ የሰው ሰርግ አሰብኩት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ማን ያገባል? ማን ቤት ይጨርሳል? እንባዋን ጠርጋ፣ ቦርሳዋን ሳትፈታ እንደያዘች፣ በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተመልሳ ወደ እናቷ ሄደች።

እኔም ተከተልኩ። ሁሩሙ ስደርስ እናቷ ሽማግሌዎች ጠርተው በረንዳቸው ላይ ጃርሱማው ተቀምጧል። ጃርሱማ የሽማግሌ እርቅ ነው፤ በዳይ ቆሞ በደሉን ይናገራል። ቆምኩ። አሁን እስቲ እናንተ ብትሆኑ ሲስተም ማለት ምን እንደሆነ ለሁሩሙ ሽማግሌዎች እንዴት ትነግራላችሁ?

«በላፕቶፑ ላይ አንድ ሲስተም ነበር፤ ሁለተኛ ላስገባበት ፈለግሁ» አልኩ።

«የመጀመሪያው ምን አጎደለ?» አሉኝ የመሃሉ ሽማግሌ።

«ምንም አላጎደለም።»

«ያለ ጥፋቱ ጣውንት አመጣህበት።»

«አብረው እንዲኖሩ ነበር ሐሳቤ፣ አባቶች።»

«ሁሉም እንዲህ ብሎ ነው የሚያመጣው» አሉ ጥግ ላይ ያሉት። «ከዚያስ?»

«ሁለተኛው ሲገባ የመጀመሪያው ጠፋ።»

«ከነንብረቱ?»

«ከነንብረቱ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የመሃሉ ወደ ለሊሴ ዞረው «ልጄ፣ እስካሁን በቤቱ መቆየትሽ ይገርመኛል» አሏት። ላስረዳ አፌን ስከፍት አስቀመጡኝ። ገሠጹኝ፣ ይቅርታ አስጠየቁኝ፣ ለናቷ ማር እንዳመጣ ፈረዱብኝ። እርቁ ሲያልቅ እንደ ደንቡ ተነሥተው መመረቅ ጀመሩ።

ይህን ጊዜ የለሊሴ አንገት ቀና አለ። ዓመት ሙሉ አብሬያት ጥናቷን ስሰማ ስለኖርኩ እኔም ገባኝ፤ የሁሩሙ የእርቅ ምርቃት፣ ያ የጠፋው፣ ፊታችን ቆሟል። ስልኳን አወጣች።

«አባቶች፣ ብቀዳው ትፈቅዱልኛላችሁ? ለትምህርቴ ነው።»

«ቅጂ እንጂ፣ ምን ከፋ?» አሉና ጉሮሯቸውን ጠርገው ከመጀመሪያው ጀመሩላት። ጉሮሮ ሲጠረግ ስሰማ ክፉኛ ደነገጥኩ፤ ግን አሁን አልቆመም፣ ቀጠለ።

ወደ መቱ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ታርቄ፣ ቀልሎኝ፣ እጇን ልይዝ ስል «ሁሩሙ ገባ» አለች። «ቡሬና መቱ ቀሩ። ነገ ቡሬ አክስቴ ጋ እሄዳለሁ።»

«ለምን?»

«ስለተጣላን ነዋ።»

«ለሊሴ! አሁን ታረቅን እኮ!»

«የታረቅሁህ የሁሩሙን ነው።»

«ሽማግሌ ፊት በሐሰት መቆም ነውር አይደለም?»

«የምን ሐሰት?» አለች፣ መስኮቱን እያየች። «ለሦስቱም ከተማ የሚበቃ ንዴት አለኝ።»

እውነቷን ነው። ፊቷን አይቼ አመንኩ።

ቡሬ ከሁሩሙ ጠና። ቡሬዎች በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ አሉ። ድንጋዩን የመረጡት አክስቷ ናቸው፤ የወፍጮ ይሁን የመሠረት አላውቅም። ማጅራቴ ላይ አስቀምጬው፣ ጣውንት ማለት እንዳልሆነ ለሁለተኛ ጊዜ አስረድቼ፣ ሳይገባቸው ይቅር አሉኝ። ለሊሴ ስልኳን ደቅና ምርቃቱ እንደተጀመረ ሰማይ ተቀደደ። ከቆርቆሮው ድምፅ በቀር የተቀዳ ነገር የለም። እስኪያባራ ቁጭ አልን። ሲያባራ ለሊሴ በትሕትና «አባቶች፣ አልተሰማም፤ ቢደገምልኝ?» አለች።

«ምርቃት ከእርቁ ተነጥሎ አይደገምም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ከይቅርታው እንጀምር።» አክስቷም ድንጋዩን በእግራቸው ወደኔ ገፋ አደረጉት።

መጨረሻ መቱ ቀረ። የመቱውን እርቅ የሚመሩት ማን ይመስላችኋል? ኦቦ ገለታ ናቸው። በራሳችን ሳሎን አግዳሚው ወንበር መሃል ላይ ተቀመጡ። እትዬ ዘይነባ በሩ አጠገብ ናቸው። አስፋውም በምስክርነት መጥቷል፤ ሆን ብሎ ሳይሆን ተሳስቶ ነው እንዲልልኝ ለምኜው ነው።

«ሶዳ» አሉ ኦቦ ገለታ፤ ፊታቸው እውነተኛ ኀዘን ነበረበት። «እኔ በዚህ በእጄ የመረቅሁትን ዕቃ እንዴት ታጠፋዋለህ? ምርቃት ላይ ጥፋት ምን ይባላል?»

ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። እሳቸው በዚያ እጅ ይወቅሱኛል። የሁሩሙን ተግሣጽ፣ የቡሬን ድንጋይ፣ ያ እጅ እኮ ነው ያሸከመኝ! ተናደድኩ፤ ከልቤ ተናደድኩ። እትዬ ዘይነባ ሳል ያዛቸው። ለሊሴ መሬት መሬቱን ታያለች። የኦቦ ገለታን እጅ አየሁት፤ ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቷል፣ ያረጀ፣ ንብ የነደፈው፣ ስንት ሙሽራ የመረቀ እጅ ነው።

«አጥፍቻለሁ፣ አባባ» አልኩ። «ይቅር ይበሉኝ።»

አንደኛው ሽማግሌ ወደ አስፋው ዞሩ። «ይህ ሰው የፊደሉን ጠብ በሌላ መንገድ መፍታት አይችልም ነበር?»

«ይችላል» አለ አስፋው። «ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫን ፊደሉ ይቀየራል።»

ሁሉም አዩኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«መች ጠየቅከኝ? ሁለት ሲስተም ይቻላል ወይ ነው ያልከኝ።»

ያን ጊዜ ድንጋይ ቢሰጠኝ በደስታ ነበር የምሸከመው፤ ለራሴ ሳይሆን አስፋው ላይ ለመጣል።

እርቁ አልቆ ምርቃቱ ደረሰ። ለሊሴ ስልኳን መቅጃውን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ፣ ኦቦ ገለታ ፊት አስቀመጠችው። ዲፌንሱ ቀርቧል፤ ሌላ እርቅ፣ ሌላ ዕድል የለም። ሽማግሌው ተነሡ። ስልኩን አዩት። አዲስ ዕቃ መሰላቸው።

«ይህችንም ልመርቃት» አሉ። እንትፍ፣ እንትፍ። ቀኝ እጃቸው ወደ ላይ ወጣ። ከእጃቸው በታች ያለችው ደግሞ ያች መቅጃውን የምታቆም ቀይ ነጥብ ናት።

ለሊሴ ከወንበሯ ተነሣች። እኔ ቀረብኩ። እጄን እንደ ምርቃት ተቀባይ ዘርግቼ ስልኩ ላይ፣ ሳልነካው ከፍ አድርጌ ሰደድኩት። የኦቦ ገለታ መዳፍ በሙሉ ኃይሉ መዳፌ ላይ አረፈ፤ ጧ! «ሃ ታኡ!» አልኩ። ሁለተኛው መስመር፤ ጧ! ማር የሚያነሣ ሰው እጅ ቀላል አይደለም። ከብቱንም፣ ልጁንም፣ ዝናቡንም በእጄ ተቀበልኩ። እጄ ቀላ፣ ደነዘዘ፤ አልሰበሰብኩትም። ኦቦ ገለታ ሲጨርሱ ዓይናቸው ረጥቧል።

«ምርቃትን እንዲህ በእጁ የተቀበለ ሰው አላየሁም» አሉ። «ይህ ልጅ ተጸጽቷል።»

እንግዶቹ ሲሄዱ ለሊሴ እጄን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከረችልኝ።

«እትዬ ዘይነባ ነግረውኛል» አለች፤ በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ጨረሰችው። «ሁሩሙ ሳልደርስ ነው የደወሉልኝ።»

«ታዲያ ያን ድንጋይ እያወቅሽ ነው ያሸከምሽኝ?»

«ሁሉን አጥፍቶ የሚጭነው ምርጫ ላይ ያሳረፈው አጎቴ አይደለም» አለች። «በሦስቱም ከተማ የአጎቴን ስም ታነሣ እንደሆነ ስጠብቅ ነበር። ብታነሣው ኖሮ በእውነት አልታረቅህም ነበር» አለችኝ። እጄን ከውሃው አላወጣችውም። እኔም የቡሬውን ድንጋይ ይቅር አልኳት።

ዲፌንሱ ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። የሁሩሙ ምርቃት ተሰማ፣ የቡሬው ተሰማ፤ ፈታኞቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ። የመቱው ሲሰማ አንደኛው ፈታኝ ብዕራቸውን አነሡ።

«በየመስመሩ መጨረሻ የሚሰማው ይህ የጥፊ ድምፅ ምንድን ነው? በሌሎቹ ላይ የለም። የመቱ ልዩ ሥርዓት ነው?»

ለሊሴ ወደ ኋላ ዞራ አየችኝ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

«አይደለም» አለች። «ባለቤቴ ነው።»